በእናትና በሕፃን መካከል የገቡት

በ1780 የፓሪስ ፖሊስ አዛዥ የነበረው ሌኗር ስለ ከተማው ሕፃናት አንድ ግምት በጽሑፍ አሰፈረ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ከአዋጅ ቁጥሮች በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በከተማዋ በዓመት ወደ 21,000 ሕፃናት ይወለዳሉ። ከእነዚህ ውስጥ የወለደቻቸውን እናት ጡት የሚጠቡት ከ1,000 አይበልጡም። ሌሎች 1,000 የሚሆኑት የባለጸጋ ልጆች ናቸውና በደመወዝ የምታጠባ ሴት ቤታቸው ድረስ ትቀጠርላቸዋለች። የቀሩት 19,000 ገደማ ሕፃናት በተወለዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ በጋሪ እየተጫኑ ከከተማ ወደ ገጠር ይላካሉ። እዚያ የማያውቋት የገበሬ ሚስት ለወር ክፍያ ታጠባቸዋለች።

የፖሊስ አዛዥ በሕፃናት ጡት መጥባት ውስጥ ምን አገባው? ያገባው ነበር። አጥቢ ሞግዚቶችንና ወላጆችን የሚያገናኘው ቢሮ ከ1769 ጀምሮ በመንግሥት ሥር ሆኖ በፖሊስ ይጠበቅ ነበር። የሞግዚቷን ክፍያ ያልከፈለ አባትም ይታሰር ነበር። ነገሩ እንግዲህ የጥቂት ቅምጥል እመቤቶች ወግ አልነበረም፤ የአንድ ትልቅ ከተማ መደበኛ አሠራር ነበር። ልጆቻቸውን ከሚልኩት መካከል የባለሱቅ፣ የልብስ ሰፊ፣ የዳቦ ጋጋሪና የሸማኔ ሚስቶች ይገኙበታል። የሐር ከተማ በነበረችው በሊዮንም እንዲሁ ነበር። ሴቲቱ ከሽመናው ዕቃ አጠገብ ካልተቀመጠች ቤተሰቡ በልቶ አያድርም፤ ከተቀመጠች ደግሞ ልጇን ልታጠባ አትችልም።

ከተላኩት ብዙዎቹ አልተመለሱም። አንዳንዶቹ ገና በመንገድ ላይ በብርድ ሞቱ። ሌሎቹን ስድስትና ሰባት ሥራ ያለባት ሴት ጡት እያጣደፈች ወይም ጨርሶ ሳታጠባ በገንፎና በላም ወተት ልታሳድጋቸው ሞከረችና አለቁ። የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ እነዚህ ሕፃናት ብዙ ጽፈዋል። እኔን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ግን ሌላኛው ሕፃን ነው፤ የሞግዚቲቱ የገዛ ልጅ። እናቱ የፓሪስን ልጅ ለማጥባት ስትቀጠር እሱ ያለ ጊዜው ጡት ይጥላል፣ ወይም ከእሷ ይብስ ለምትደኸይ ሌላ ሴት ይሰጣል። በዚያ ሰንሰለት መጨረሻ ላይ ጡት የማያገኝ አንድ ልጅ መኖሩ አይቀርም ነበር።

ስለ ጡት ማጥባት ጥቅም ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ ንግግሩ ለእናቲቱ የሚሰጥ ምክር ይሆናል፤ አጥቢ፣ ቶሎ ጀምሪ፣ ሌላ አትስጪ። ምክሩ ትክክል ነው። ያለፉትን ዘመናት ስናይ ግን እናቶች ጡት ማጥባት የተዉት ጥቅሙን ስላላወቁ ወይም ልጃቸውን ስላልወደዱ ብቻ ሆኖ አናገኘውም። በእናትና በሕፃን መካከል ሁልጊዜ አንድ ነገር ገብቷል፦ ሥራ፣ ደረጃ፣ የተሳሳተ የሐኪም ቃል፣ ነጋዴ። ወቀሳው ግን ዞሮ ዞሮ ለእናቲቱ ብቻ ደረሳት።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን አንድ አሳዛኝ አጋጣሚ በዚያችው ፓሪስ ውስጥ ተፈጠረ። ከመስከረም 1870 እስከ ጥር 1871 የፕሩሲያ ጦር ከተማዋን ከበበ። ምግብ ጠፋ፤ ሰዉ ፈረስና አይጥ በላ፤ በረሃብ፣ በብርድና በበሽታ የሚሞተው ሰው ቁጥር እጅግ አሻቀበ። የጨቅላ ሕፃናት ሞት ግን ቀነሰ። ሐኪሞቹ ግራ ከተጋቡ በኋላ ምክንያቱን ደረሱበት። ከተማዋ ስለተዘጋች ልጅን ወደ ገጠር መላክ አልተቻለም፤ የላም ወተትም የለም፤ ሥራም የለም። እናቶች እያንዳንዷ በቤቷ ተቀምጣ ልጇን አጠባች። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በእንግሊዝ ላንክሻየርም ተመሳሳይ ነገር ታይቶ ነበር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት ጥጥ ሲቋረጥ ፋብሪካዎቹ ተዘጉ፤ ቤተሰቡ ተራበ፤ ጡታቸውን ይዘው ማሽን ሥር ይውሉ የነበሩት እናቶች ግን ከልጆቻቸው ጋር ዋሉ፤ ሕፃናቱም ከቀድሞው ይልቅ በሕይወት ቆዩ። የተራበች እናት ጡት ከጠገበ ከተማ ጡጦ በልጦ ተገኘ።

በገንዘብ ማጥባት ከፓሪስ እጅግ የቆየ ነገር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተደነገገው የሐሙራቢ ሕግ ስለ አጥቢ ሞግዚት አንቀጽ አለው። የተሰጣት ልጅ ቢሞትና ለወላጆቹ ሳትናገር ሌላ ሕፃን ተቀብላ ብታጠባ ጡቷ ይቆረጥ ይላል። ቅጣቱን ስናይ የሞግዚትነት ሥራ ምን ያህል የተስፋፋና ጥርጣሬ የበዛበት እንደነበር እንረዳለን። በእስልምና ደግሞ አጥቢና ጠቢ ዝምድና አላቸው፤ ከአንዲት ሴት ጡት የጠቡ ልጆች ወንድምና እኅት ስለሚሆኑ አይጋቡም። ቁርአንም ለማጥባት ሁለት ሙሉ ዓመት ይጠቅሳል። በእኛም አገር የጡት ልጅ የሚባል የዝምድና ሥርዓት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ የአውሮፓ ተጓዦች፣ አንድ ጎልማሳ የአንድን ትልቅ ሰው ጣት በመጥባት ልጅነቱን እንዴት እንደሚያጸና አይተው ጽፈዋል። ጡት የሥጋ ምግብ ከመሆኑም ሌላ ቃል ኪዳን ነበር።

የሐኪሞች ስህተትም ሥሩ ጥልቅ ነው። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ስለ ወሊድና ስለ ሴቶች ጤና የጻፈው የኤፌሶኑ ሶራኖስ፣ የእናት የመጀመሪያ ወተት ወፍራምና ለመፈጨት የሚከብድ ነው ብሎ አራስ ሕፃን እንዳይሰጠው መከረ። ሶራኖስ በብዙ ነገር አስተዋይ ሐኪም ነበር፤ በዚህ ግን ተሳሳተ፤ ስህተቱም ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ በአውሮፓ ሐኪሞች መጻሕፍት ውስጥ ኖረ። በኢትዮጵያም በብዙ አካባቢ እንገሩን አልቦ መድፋት፣ ሕፃኑን በመጀመሪያ ቅቤ ማላስ ወይም ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ መስጠት የቆየ ልማድ ነው። የሚገርመኝ ይህ ነው፦ የላሟን እንገር ጎረቤት ጠርተን፣ አፍልተን የምንበላ ሰዎች፣ የእናትን እንገር ቢጫ ስለሆነና ስለወፈረ ብቻ ክፉ ነገር አድርገን ቆጠርነው። ጥጃው እንገር ካልጠባ እንደማይቆም ማንም እረኛ ያውቃል።

እንገሩ ጥቂት ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ከጥቂት የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። የአዲስ ሕፃን ሆድም ከዚያ በላይ አይፈልግም። በውስጡ ያለው ዋና ነገር ጥጋብ የሚሰጥ ምግብ ሳይሆን መከላከያ ነው። እናቲቱ በሕይወቷ የታገለቻቸውን ተሕዋስያን የሚያውቁ ፀረ እንግዳ አካላት በብዛት ይገኙበታል፤ እነሱም የሕፃኑን የጉሮሮና የአንጀት ግድግዳ ይሸፍናሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወተት ከመቶው 87 ያህሉ ውኃ ስለሆነ ሕፃኑ በቆላ እንኳ ተጨማሪ ውኃ አያስፈልገውም። ከሁለት መቶ የሚበልጡ ዓይነት ስኳሮችም አሉበት፤ እነዚህን ሕፃኑ ራሱ አይፈጫቸውም። ሳይንቲስቶች ለረጅም ጊዜ ለምን እንደተፈጠሩ ሲጠይቁ ኖረው በመጨረሻ ደረሱበት። ምግብነታቸው በአንጀቱ ውስጥ ለሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ነው፤ እነዚያ ሲጠግቡና ሲበዙ ተቅማጥ ለሚያመጡት ቦታ አይተርፋቸውም። የላም ወተት በአንጻሩ ለጥጃ የተሠራ ነው። ፕሮቲኑ ከእናት ወተት በሦስት እጥፍ ይበልጣል፤ የጥጃ እድገት ፈጣን ነውና። የሰው ልጅ ኩላሊት ግን ይህን ሁሉ ገና አይችለውም።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን አንዳንድ ሐኪሞች ወደ እናት ጡት መመለስን መስበክ ጀመሩ። ሐኪሙ ዊልያም ካዶጋን በ1748 ባሳተመው ጽሑፍ እናቶች ራሳቸው፣ ቶሎና ያለ ተጨማሪ ምግብ እንዲያጠቡ መከረ። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1752 አጥቢ ሞግዚትን የሚነቅፍ ጽሑፍ አወጣ፤ ከስድስት ዓመት በኋላም እኛን፣ ላሟንና ዓሣ ነባሪን በአንድ መደብ አስገብቶ አጥቢዎች ብሎ ሰየመን። ሩሶ በ1762 ባሳተመው ኤሚል በተባለ መጽሐፉ እናቶች ልጆቻቸውን ቢያጠቡ የአገሩ ሥነ ምግባር ራሱ እንደሚታደስ ሰበከ። የራሱን አምስት ልጆች ግን ለተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ አስረክቦ ነበር። በ1794 የወጣው የፕሩሲያ ሕግ ደግሞ ጤነኛ እናት ልጇን የማጥባት ግዴታ አለባት አለ፤ መቼ ጡት እንደምታስጥል የመወሰኑን ሥልጣን ለአባት ሰጠ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ለሸማኔዋ ሚስት ሥራዋን የሚያቃልልላት ወይም ደመወዟን የሚተካላት አንድም ሐሳብ አላየሁም።

እናቱ የሞተችበት ወይም የተጣለ ሕፃን ችግር ግን እውነተኛ ነበር፤ ይህን ሳንናገር ብናልፍ ከኋላ የመጡትን ሰዎች እንበድላቸዋለን። በአውሮፓ የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያዎች ውስጥ በቂ ሞግዚት ሲጠፋ በእጅ የሚመገቡት ልጆች ከሞላ ጎደል ያልቁ ነበር። በ1880ዎቹ በፓሪስ አንድ ሆስፒታል፣ በቂጥኝ የተያዙ ሕፃናትን ሞግዚት ስለማትቀበላቸው፣ ከአህያ ጡት በቀጥታ እስከማጥባት ተደርሷል። ጡጦዎቹም ገዳይ ነበሩ፤ ረጅም የጎማ ቱቦ ያላቸው፣ ሊታጠቡ የማይችሉ፣ ውስጣቸው የረጋ ወተት የሚሸትባቸው። ስለዚህ በ1865 ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ከስንዴ ዱቄት፣ ከብቅል፣ ከላም ወተትና ከፖታሲየም ባይካርቦኔት የተሠራ የሕፃን ምግብ ሲያወጣ፣ በ1867 ደግሞ በስዊዘርላንድ ቬቬ ከተማ ሔንሪ ኔስሌ የወተት ዱቄቱን ለገበያ ሲያቀርብ፣ ብዙዎች እፎይ አሉ። ዛሬም እናቱ ለሌለችው፣ ወይም እናቱ በሕመም ምክንያት ልታጠባው ለማትችል ልጅ ንጹሕ ውኃና በትክክል የተመጠነ የዱቄት ወተት ሕይወት ነው። ችግሩ የመጣው ለጥቂቶች የተሠራው መድኃኒት ለሁሉም መሸጥ ሲጀምር ነው።

ጃማይካ የተወለደችው ሐኪም ሲስሊ ዊልያምስ ይህን ከሁሉ ቀድማ አየች። በ1930ዎቹ ያኔ ጎልድ ኮስት ትባል በነበረችው በጋና ስትሠራ፣ ታናሽ ሲወለድ ከጡት የሚነሣው ልጅ ሆዱና እግሩ ሲያብጥ፣ ቆዳው ሲላጥ ተመለከተች፤ የአገሬው እናቶች ክዋሺዮርኮር ይሉት የነበረውን በሽታ ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቀችው እሷ ናት። ከዚያ ወደ ሲንጋፖር ተዛወረች። እዚያ ነጭ የነርስ ልብስ የለበሱ ሴቶች እየዞሩ ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ለእናቶች ሲያስተዋውቁ አገኘቻቸው። በ1939 በሲንጋፖር ሮታሪ ክበብ ተጋብዛ ያደረገችውን ንግግር ወተትና ግድያ ብላ ሰየመችው፤ በተሳሳተ ምክር ሕፃናትን ለዚህ ወተት መዳረግ ከግድያ ተለይቶ ሊታይ እንደማይገባ በነጋዴዎቹ ፊት ተናገረች። ያን ጊዜ የሰማት ጥቂት ነው።

የወተት ነጋዴዎች ለእናቶች የሚያድሉት ነጻ ናሙና ጉዳቱ እንዴት እንደሚመጣ ለመረዳት ጡት እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ጡት ተሞልቶ የሚጠብቅ ዕቃ አይደለም፤ ሕፃኑ በጠባ ቁጥር ለእናቲቱ ሰውነት አምርት የሚል መልእክት ይደርሳል፤ ካልጠባ ምርቱ ይቀንሳል። በአራስ ቤት ሁሉ የሚሰማው ወተቴ አልበቃውም የሚለው ሥጋት በአብዛኛው ከዚህ ይጀምራል። እናቲቱ ተጨንቃ አንድ ጡጦ ትሰጣለች፤ ሕፃኑ ጠግቦ ስለሚተኛ ያን ያህል አይጠባም፤ በማግሥቱ ወተቷ በእውነት ያንሳል፤ ሥጋቷ ትክክል የነበረ ይመስላታል። ናሙናው ባለቀ ጊዜ ጡቷም ደርቋል። ቆርቆሮውን ለመግዛት ገንዘብ ያጣች እናት ዱቄቱን ታቀጥናለች፤ ውኃው ከወንዝ ነው፤ ማገዶው አይበቃም። ልጁን የሚገድለው ተቅማጡና ረሃቡ ነው፤ የሞት ወረቀቱ ላይ የዱቄት ወተት ስም አይገኝም።

በ1974 ዋር ኦን ዎንት የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት ይህን የነጋዴዎች አሠራር «ሕፃን ገዳዩ» በሚል ርዕስ ባሳተመው አነስተኛ ጽሑፍ አጋለጠ። የስዊዘርላንድ ወጣቶች ወደ ጀርመንኛ ሲመልሱት ርዕሱን ኔስሌ ሕፃናትን ይገድላል አደረጉት፤ ኩባንያው ከሰሳቸው። በ1976 የበርን ፍርድ ቤት በስም ማጥፋት ጥፋተኞች ናችሁ ብሎ እያንዳንዳቸውን 300 ፍራንክ ቀጣ፤ ዳኛው ግን ኩባንያው የማስታወቂያ አሠራሩን እንዲመረምር አሳሰበ። በሚቀጥለው ዓመት ከአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ የተነሣው የአትግዙ ዘመቻ አገር አቋረጠ፤ በ1978 ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ ኩባንያዎቹን ምክር ቤት ፊት አስቀርቦ ጠየቀ። በግንቦት 1981 የዓለም የጤና ጉባኤ የእናት ወተት ተተኪዎችን ግብይት የሚገዛውን ዓለም አቀፍ ደንብ በ118 ድጋፍ አጸደቀ። የተቃወመችው አሜሪካ ብቻ ነበረች። ደንቡ ለሕዝብ ማስታወቂያ፣ ለእናቶች ነጻ ናሙና፣ በቆርቆሮው ላይ የወፈሩ ሕፃናትን ሥዕል ከለከለ። ሕግ አድርጎ የማስፈጸሙ ሥራ ለየአገሩ ስለተተወ ዛሬም ነጋዴው በስልክ መስኮት በኩል ወደ አራስ ቤት ይገባል።

የጡት ማጥባት ጥቅም ማስረጃ በሳይንስ እጅ በደንብ የተያዘው ከዚህ በኋላ ነው። በደቡብ ብራዚል የተሠራና በ1987 የታተመ ጥናት ጡት ጨርሶ የማይጠቡ ሕፃናት በተቅማጥ የመሞት ዕድላቸው ጡት ብቻ ከሚጠቡት ከ14 እጥፍ በላይ መሆኑን አሳየ። ሆኖም አንድ ጥያቄ ቀረ፤ የሚያጠቡ እናቶች በሌላውም ነገር የተለዩ ቢሆኑስ? እናቶችን በዕጣ ለይቶ አንቺ አጥቢ፣ አንቺ አታጥቢ ማለት አይቻልም። ማይክል ክሬመርና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ አጋማሽ ቤላሩስ ውስጥ መፍትሔ አገኙ፤ በዕጣ የለዩት እናቶችን ሳይሆን ሆስፒታሎችን ነው። በ31 ሆስፒታሎች ከ17,000 የሚበልጡ እናቶችና ሕፃናት ተከታተሉ፤ የግማሾቹ ሆስፒታሎች ሠራተኞች እናቶችን በማጥባት እንዴት እንደሚያግዙ ተማሩ። በሦስተኛው ወር ጡት ብቻ የሚጠቡት በታገዙት ዘንድ 43 በመቶ፣ ባልታገዙት ዘንድ 6 በመቶ ሆኑ። በመጀመሪያው ዓመት የሆድ ሕመም ያገኛቸው ባልታገዙት ዘንድ 13፣ በታገዙት ዘንድ 9 በመቶ ነበሩ። ልጆቹ ትምህርት ሲጀምሩ በአእምሮ ፈተና የታገዙት በለጡ። ውፍረትን ይከላከላል የተባለው ግን በዚህ ጥናት አልተረጋገጠም። ጥቅሙ በቂ ነውና ያልተረጋገጠውን ደርበን እናቶችን ማስጨነቅ አይገባንም። ከዚህ ጥናት እኔ ይዤ የቀረሁት ደግሞ 43ና 6 የሚሉትን ቁጥሮች ነው። የሁለቱም ወገን እናቶች አንድ ዓይነት ነበሩ፤ የተለየው አጠገባቸው የቆመው አዋላጅና ነርስ የሚያውቀው ነገር ነው።

ለእናቲቱ ራሷ የሚገኘው ጥቅም ሁልጊዜ ከኋላ ይነገራል። በ1700 ጣልያናዊው ሐኪም ራማዚኒ የሠራተኞችን በሽታ ሲመዘግብ የጡት ካንሰር በሴት መነኮሳት ገዳማት እንደሚበዛ አስተውሎ ነበር። በ1926 እንግሊዛዊቷ ጃኔት ሌን ክሌይፖን የታመሙትንና ያልታመሙትን ሴቶች አወዳድራ የወሊድና የማጥባት ታሪካቸው እንደሚለያይ አገኘች። በ2002 ደግሞ ከ30 አገሮች የተሰበሰቡ 47 ጥናቶች በአንድ ላይ ሲመረመሩ፣ አንዲት ሴት በሕይወቷ ላጠባችበት ለእያንዳንዱ 12 ወር የጡት ካንሰር ዕድሏ በ4.3 በመቶ እንደሚቀንስ ታወቀ። ከወሊድ በኋላ ወዲያው ስታጠባ ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ማሕፀኗን ስለሚያኮማትር የሚፈሳት ደም ይቀንሳል። ከወለደች በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ውስጥ ጡት ብቻ ካጠባችና የወር አበባዋ ካልተመለሰ ከእርግዝና 98 በመቶ ትጠበቃለች። ላንሴት መጽሔት በ2016 ያወጣው ስሌት፣ ማጥባት በዓለም ዙሪያ በሚገባው ልክ ቢስፋፋ በዓመት 823,000 ሕፃናትንና በጡት ካንሰር የሚሞቱ 20,000 ሴቶችን ከሞት ያድናል ይላል።

ኤች አይ ቪ ይህን ሁሉ ለጊዜው አናግቶት ነበር። ቫይረሱ በጡት ወተት እንደሚተላለፍ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲታወቅ፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የተደከመበት ምክር ድንገት ለእናቲቱ ፍርሃት ሆነ። አንዳንድ መንግሥታት የዱቄት ወተት በነጻ አደሉ። በ2006 በቦትስዋና ከባድ ዝናብ ውኃውን ሲበክለው ከተነሣው ተቅማጥ የሞቱት ሕፃናት አብዛኞቹ ጡት የማይጠቡ ነበሩ። በደቡብ አፍሪካ ደርባን በአና ኩትሱዲስ የተመራ ጥናት ደግሞ ከቫይረሱ አንጻር ጡትና ሌላ ምግብ መቀላቀል ጡት ብቻ ከማጥባት የከፋ መሆኑን አሳየ። ዛሬ መድኃኒቷን በትክክል የምትወስድ እናት እንድታጠባ ትመከራለች፤ ኢትዮጵያም ከ2013 ጀምሮ ነፍሰ ጡሮችና አጥቢዎች ሁሉ በምርመራ ከተገኘባቸው መድኃኒቱን ወዲያው ጀምረው ለዕድሜ ልክ እንዲወስዱ አድርጋለች። በዚያ የጭንቅ ዘመን በሁለት ሞት መካከል እንድትመርጥ የተተወችውን እናት የሚክስ ግን የለም።

በኢትዮጵያ ጡት ያልቀመሰ ሕፃን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከልጆች 97 በመቶው ጠብተዋል፤ 73 በመቶው በተወለዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጀምረዋል፤ ብዙዎችም እስከ ሁለት ዓመት ይጠባሉ። ከስድስት ወር በታች ካሉት ጡት ብቻ የሚያገኙት 58 በመቶ ናቸው፤ በ2005 49 በመቶ ነበሩ። ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየጎጆው ገብተው ስለ እንገር ያስተማሩት ፍሬ ይታያል። ነገር ግን በብዙ ድሃ አገሮች የታየ አንድ አዝማሚያ አለ፤ ሀብታሟና ከተሜዋ ከድሃዋ ፈጥና ጡት ታስጥላለች። በሀብታም አገሮች ተገላቢጦሹ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ቀለም ቆርቆሮ በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ የክብር ምልክት ሆኖ ሲቆም እያየን ይህን ጉዳይ የድሆች ብቻ አድርገን ልናወራ አንችልም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ቀድሞ ከነበረው ትልቅ ርምጃ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010ም መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። ሆኖም ዘጠናው ቀን ሲያልቅ ልጁ ገና ስድስት ወር አይሞላውም፤ የጤና ባለሙያዋ ስድስት ወር ጡት ብቻ ያለቻት እናት ታክሲ ተሰልፋ ቢሮ ትገባለች። ልጁን የምትይዝላት ደግሞ የቤት ሠራተኛዋ ናት። ለትርፍ ባልሆነ የግል አገልግሎት የሚሠሩ ሰዎች የሥራ ግንኙነት በዚያ አዋጅ ስለማይሸፈን፣ ይህች ሴት ብትወልድ ዘጠና ቀን ቀርቶ ዘጠኝ ቀን የሚያስከብርላት አንቀጽ በእሱ ውስጥ የለም። ብዙ ጊዜ የምትወልደውም አገሯ ገብታ፣ ሥራዋን ጥላ ነው። ጉሊት የምትቸረችረዋና የቀን ሥራ የምትውለዋ እናት ደግሞ ከማንም ፈቃድ አትጠይቅም፤ የሚሰጣትም የለም።

ቀድሞ ይህን ክፍተት የሚሸፍነው ባህሉ ነበር። አራሷ አትነሣም፤ ገንፎውና አጥሚቱ ይመጣላታል፤ ውኃ የሚቀዳላት፣ ትልልቆቹን ልጆች የሚይዝላት ሰው ይኖራል፤ ሥራዋ ማጥባትና መተኛት ብቻ ነው። ማጥባት በቀን ወደ 500 ካሎሪ ተጨማሪ ጉልበት እንደሚጠይቅ ሳይንስ ሳይለካው እናቶቻችን በገንፎው መጠን ያውቁት ነበር። ዛሬም ኢትዮጵያዊት እናት ልጇን ልታርስ በሶና ቅቤ ቋጥራ ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ድረስ ትበራለች። በዚያ አገር ለወላድ ደመወዝ ያለው ፈቃድ የሚሰጥ አገር አቀፍ ሕግ ስለሌለ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ ልጂቱ ወደ ሥራ ስትመለስ የጡት ወተቷን በመሣሪያ አልባ የምታስቀምጥበት ጊዜና ቦታ ማግኘቷ ወሳኝ ነው። የታለበ ወተት ከማቀዝቀዣ ውጭ አራት ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ አራት ቀን ይቆያል፤ አያት በዚያ ሕፃኑን ትመግባለች።

በ1919 በዋሽንግተን የተሰበሰበው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሥራ ጉባኤ ካጸደቃቸው ስምምነቶች ሦስተኛው ስለ ወላዶች ነው። ለእናት 12 ሳምንት ዕረፍት ከክፍያ ጋር ይሰጣት፣ ወደ ሥራ ስትመለስም በቀን ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ልጇን እንድታጠባ ይፈቀድላት ይላል። ያንን ከጻፉት ሰዎች ዘመን ወዲህ ስለ እናት ወተት የምናውቀው ነገር ስፍር ቁጥር የለውም። በየቢሮውና በየፋብሪካው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ቆማ ወተቷን የምታልብ እናት ግን ዛሬም የምትጠይቀው ያንኑ ግማሽ ሰዓት፣ በሩ የሚዘጋ ክፍልና አንድ ማቀዝቀዣ ነው።